ከፀሐይዋ ሥዕል በፊት ነፋሱን እዩ

እንደምን አመሻችሁ፣ ወዳጆቼ!

የክረምቱን ጉዞ መክፈቻ ንግግር እንዳደርግ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን የበረዶውን ወራት ማለቴ ነው። አዲስ የገባችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ኮሚቴው ስለ ጫማውም፣ ስለ ልብሱም፣ ስለ መብራቱም ትንሽ ትንሽ በል ብሎኛል። እላለሁ። ግን በሆዴ ይዤው የመጣሁት አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም።

ነፋስ!

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በቡድናችን ገጽ ላይ ምን እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ። የከተማው ትንበያ ነው። አንዲት ቢጫ ፀሐይ፣ ከሥሯ አንድ ቁጥር። ከዚያ "አየሩ አሪፍ ነው፣ ጠዋት እንገናኝ" ይባላል። ሁላችንም አውራ ጣት እንልካለን። ያቺ ፀሐይ የተሳለችው ሸለቆ ውስጥ ላለው ከተማ ነው። እኛ ግን የምንውለው ሸንተረር ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን ግማሹን ነው። ነገሩ የደረሰበት ጓደኛችን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ዘጠኝ ሆነን ወጣን። መሪው እኔ ነበርኩ። ትንበያው ፀሐይና 4 ዲግሪ ይላል። እውነትም ታች ፀሐይ ነበረች። ጃኬታችንን ወገባችን ላይ አስረን እየተጫወትን ጀመርን። የምንወጣው ሸንተረር ከከተማው 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ ደግሞ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል። ታች 4 ከሆነ ላይ ከዜሮ በታች 6 አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህን ቀላል ሒሳብ ከዘጠኛችን አንድም ሰው አልሠራውም። እኔም አልሠራሁትም።

ጫካው እስኪያልቅ ድረስ ነፋሱ አልታወቀንም፤ ዛፎቹ ከልለውናል። ከዛፎቹ ስንወጣ ግን በጥፊ እንደመታን ሆነ። ነፋስ ሸንተረር ላይና በተራሮች መሐል ባለ በር ሲያልፍ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ደግሞ ይፈጥናል። ታች ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ላይ ሰው ያንገዳግዳል። እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። ቤቴ ተመልሼ የአናቱን ትንበያ ፈልጌ ሳየው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ከዜሮ በታች 6 ላይ እንዲህ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 17 ያህል ነው። ትንበያው ነበረ። ከፍተን ያላየነው እኛ ነን።

ጓደኛችን ዳገቱን ሲወጣ አልቦት ነበር። ከውስጥ የለበሰው የጥጥ ካናቴራ ረጥቦ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

መጀመሪያ ያየሁት ዚፑን ነው። ጃኬቱን ሊዘጋ ይታገላል። ጣቶቹን ቆፈን ይዟቸው የዚፑን ጫፍ ማግባት አቃተው። ሞከረ፣ ሞከረ፣ ተወው። ደረቱን ለነፋሱ ከፍቶ መሄድ ጀመረ። "ምነው፣ ምን ሆንክ?" ስለው "ደህና ነኝ" አለኝ። አንድ ጓንቱ ወደቀ፤ ነፋሱ እያንከባለለ ወሰደው፤ እሱ ዞር ብሎም አላየው። ትንሽ ቆይቶ መደናቀፍ ጀመረ። ስናናግረው ቃላቱ ይተሳሰሩበታል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ግን ጭጭ አለ።

ይንቀጠቀጥ የነበረውም ቆመ። አንዷ እህታችን "ተመስገን፣ ሞቀው" አለች። አልሞቀውም ነበር! ሰውነት መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ሲሞቀው ብቻ አይደለም፤ አቅም ሲያንሰውም ነው። የውስጥ ሙቀታችን ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ተጀምሯል። ወደ 32 ሲጠጋ መንቀጥቀጡ እየደከመ ይሄዳል፤ ማሰብም ይደነዝዛል። እስከ መጨረሻው የደረሰ ሰው አንዳንዴ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ለዚህ ነው "ደህና ነኝ" የሚለውን ቃል የማላምነው። ማመን ያለባችሁ ጣቶቹን ነው።

ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ አስገባነው። እርጥቡን አውልቀን ደረቅ አለበስነው። በረዶው ላይ እንዳይቀመጥ ቦርሳዎቻችንን ከሥሩ አነጠፍን። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ አቀፈው፤ ሌሎቻችን በነፋሱ በኩል ግድግዳ ሆነን ቆምን። አንዱ እግሩን ልሸው ሲል ከለከልኩት፤ እንዲህ በብርድ የተጎዳ ሰው አይታሽም። መዋጥ እንደሚችል ሳረጋግጥ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ጥቂት በጥቂት ሰጠሁት። ከ40 ደቂቃ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ስሰማ አለቀስኩ። የወረድነው ከመሸ በኋላ ነው።

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን አደረግን? በሚቀጥለው ጉዞ የተለጠፈችው ያችው ቢጫ ፀሐይ ናት! በዚያኛውም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እሷው ናት! ባለፈው ዓመት ነፋሱ ከሚገባው በላይ ነው ብዬ ስድስት ሰው ይዤ ከመንገድ ስመለስ ምን ተባልኩ? "አስፈራራን" ተባልኩ። አናቱ ላይ ፎቶ የተነሳው ሲጨበጨብለት፣ ሰው በጤና የመለሰው ማብራሪያ ተጠየቀ። ይህን ዛሬ በግልጽ እናገራለሁ፤ አኮረፍኩም። ሰው ለመመለስ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ቡድን አንድ ቀን ሬሳ ተሸክሞ ይወርዳል!

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በስኮትላንድ የኬርንጎርም ተራሮች ላይ አንድ የተማሪዎች ቡድን በበረዶ ማዕበል ተያዘ። ሊያድሩባት ያሰቧት ትንሽ መጠለያ ነበረች። አልደረሱባትም። ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አደሩ። አምስት ተማሪዎችና ከሁለቱ መሪዎች አንዷ ሞቱ። ልጆቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር እጅ በእጅ ተያይዘው ያቺን መጠለያ ሲፈልጉ ይታየኛል።

ነፋስ የሚያመጣው ብርድ ብቻ ቢሆን ልብስ ደርበን በወጣን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋን ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የወደቀውን በረዶ ከመሬት አንስቶ ሰማዩንና መሬቱን አንድ ዓይነት ነጭ ያደርገዋል፤ እግራችሁ የት እንደሚያርፍ አታዩም። ገደል ጫፍ ላይ ደግሞ በረዶውን እንደ ቤት ክፈፍ አውጥቶ ያንጠለጥለዋል። ከላይ ስታዩት ደልዳላ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ሲሰበርም ከምትገምቱት በላይ ከጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ከዳሩ ራቁ። ቀድሞን ያለፈ ሰው ዱካ እዚያ ላይ ስላለ አስተማማኝ ነው አትበሉ።

የበረዶ ናዳም የነፋስ ሥራ አለበት። ነፋስ ከአንዱ ጎን ጠርጎ ወደ ተከለለው ጎን ያከማቻል። የተከማቸው እንደ ሰሌዳ ይጠጥራል፤ ከሥሩ ካለው ጋር ግን በደንብ አልተያያዘም። ሰው ሲረግጠው ሰሌዳው በሙሉ ይለቃል። ብዙው ናዳ የሚወርደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ዳገት ላይ ነው። ናዳ የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይም ጓደኛቸው ነው። የናዳ ትንበያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። 3ን መሐል ላይ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው። ማዕበሉ አልፎ ሰማዩ ሲጠራም አትቸኩሉ። የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ርዳታ ከታች እስኪመጣ ያ ጊዜ ያልቃል። ያላችሁት አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው።

ኮሚቴው ያዘዘኝን ላድርስ። ጥጥ አትልበሱ። ቀኑ አጭር ነው፤ የራስ መብራት ከነትርፍ ባትሪው ያዙ። ስልክ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ገላችሁ አጠገብ ይሁን፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስም አይቅሩ። ፊሽካ ያዙ፤ የድረሱልኝ ምልክቱ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም ነው። በጠጠረ በረዶ ላይ ጫማ ላይ የሚታሰረውን የብረት ጥርስ ከመንሸራተታችሁ በፊት እሰሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ከዛሬ ጀምሮ በገጻችን ላይ መጀመሪያ የሚለጠፈው የሸንተረሩ ነፋስ ይሁን፤ ቀጥሎ የአናቱ ሙቀት፣ ቀጥሎ የናዳው ደረጃ። መሪው በስንት ኪሎ ሜትር ነፋስ እንደሚመለስ ቁጥሩን ከዋዜማው ይጻፍ። ያ ቁጥር ሲሞላ ክርክር የለም፤ ሁላችንም እንመለሳለን። የተመለሰም ማብራሪያ አይጠየቅ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰብሳቢያችን ፈቃድዎ ከሆነ ሐሳቡ አሁኑኑ ለድምፅ ይቅረብልኝ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።