«ተረኛ ነኝ፤ አንቺ ተኚ»

እሺ... እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት አባዬ ተኝቷል ብዬ ነው። ከኋላ የምትሰሙት ጅብ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ለምትኖሩ አልነግራችሁም፣ ሌሎቻችሁ ግን አትደንግጡ። ሜዳው ገና ተሠርቶ አላለቀም፣ እነሱም ገና አልለቀቁም።

እኔና አባዬ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከዞርንበት የሽርሽር መርከብ ከተመለስን ጀምሮ «ምን ይዘን እንሂድ፣ ምን እንጠንቀቅ፣ ንገሪን» እያላችሁኝ ነው። ቃል ገብቻለሁ፣ እነግራችኋለሁ። ግን ሦስት ጊዜ መቅዳት ጀምሬ አቁሜአለሁ። የማቆመው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ የመርከቡ መኝታ ክፍላችን ጋ ስደርስ። ዛሬ ልለፈው።

ከሻንጣው ልጀምር። ወደቡ ላይ ስትደርሱ ሻንጣችሁን ይቀበሏችሁና ክፍላችሁ በር ላይ የሚያደርሱላችሁ ዘግይተው ነው፤ የእኛ የደረሰው ከራት በኋላ ነው። የአባዬ የደም ግፊት መድኃኒት እዚያ ውስጥ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩን ስመላለስ ዋልኩ። እባካችሁ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ ቅያሪ ልብስ በእጃችሁ ያዙ። ወደቡ ደግሞ ቺቪታቬኪያ ነው፤ የሮም ወደብ ይባላል እንጂ ሮም አይደለም፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እኛ ከዚህ ተነሥተን በፈጣኑ መንገድ አዳማ እንደምንገባው ማለት ነው። ስለዚህ መርከቡ በሚነሣበት ዕለት ጠዋት በሚያርፍ አውሮፕላን አትመኑ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። እኛ እትዬ ቤት ሮም አድረን ነው የሄድነው። ቪዛውንም እዩ፤ መርከቡ ቱኒዚያ ወይም ቱርክ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ የሸንገን፣ ማለትም የብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ አይበቃም። ከሸንገን ወጥታችሁ እንደገና መግባታችሁ ነው።

ከዚያ ልምምዱ አለ። መርከቡ ሲነሣ ሁሉም ሰው የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያውን ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው ይሰለቸዋል፣ ሊያመልጥ ይፈልጋል፤ እናንተ ግን አታምልጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የሽርሽር መርከብ የሰጠመችው ከዚሁ ከቺቪታቬኪያ በተነሣች በዚያው ማታ ነው። 32 ሰው ሞቷል። ከዚያ ወደብ የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ሕጉ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አባዬ ግን ድምፁ ገና ሲጀምር ከወንበሩ ተነሣ። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶቹ ጋር እያነካካ ይቆጥር ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መቁጠሪያ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። ረጅሙ እስኪመጣ ጠበቀ። ከመጣ በኋላ ነው የተቀመጠው። ያኔ ደስ አለኝ። ልክ ነው ያደረግሁት፣ ባሕሩን መለስኩለት አልኩ በልቤ። አባዬ ባሕር ኃይል የነበረበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ምጽዋን፣ አሰብን፣ በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ እሱም አንዱ ላይ እንደነበረ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ባሕር አላየም ነበር።

ለዚያ ሰው ነው እኔ መስኮት የሌለው ክፍል የያዝኩት።

እንግዲህ... ክፍሎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው በሉት። በረንዳ ያለው፣ መስኮት ብቻ ያለው፣ ከውስጥ በኩል የሆነና ምንም የሌለው። የውስጡ ርካሽ ነው። «ለመኝታ ብቻ አይደል እንዴ» ብላ እትዬም ተስማማች። ምክሩም እውነት ነው፤ ወጣት ከሆናችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውሉ ከሆነ የውስጡን ያዙ፤ በተረፈው ገንዘብ ከተማ ውስጥ ብሉበት። መናወጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነም ከመርከቡ መካከል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ላይ ምረጡ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ነው ይበልጥ የሚነሣው የሚወድቀው። ዝንጅብልም ያዙ።

ግን አባዬ በሩን ከፍቶ ገባ፣ አራቱንም ግድግዳ አየ፤ መጋረጃ አለ፣ መጋረጃውን ገለጠው። መጋረጃው ለጌጥ ነው፣ ከኋላው ግድግዳ ነው። መልሶ ዘጋው። ምንም አላለኝም። «ጥሩ አልጋ ነው» አለ።

(ቆይታ)

ስልካችሁን በረራ ላይ እንደምታደርጉት አድርጉት። ባሕር መካከል ስልኩ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዝና ሒሳቡ ያስደነግጣል። የመርከቡን ዋይፋይ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ብትገዙት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ጾም ያላችሁ፣ የእኛ ፍልሰታ ነበረች፣ በመጀመሪያው ራት የአስተናጋጆቹን አለቃ አስጠርታችሁ ንገሩት። ጾም አትበሉት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣም የለም ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩለት። ለእኛ በየማታው የነገውን ምግብ ዝርዝር ይዞልን ይመጣ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። ሰዓት ደግሞ፣ እባካችሁ ሰዓት! መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው፤ ስልካችሁ የወረዳችሁበትን አገር ይዞ ሊቀየር ይችላል። «አራት ሰዓት ተኩል ተመለሱ» ሲሏችሁ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ተኩል ነው፤ ለወላጅ ስትነግሩ ቀይራችሁ ንገሩ። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ከዘገየ ይጠብቃሉ፤ በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ ግን ትቷችሁ ይሄዳል። አይጠብቅም።

ሠራተኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ተዋወቁ። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ ናቸው፣ ወራት ሙሉ ከልጆቻቸው ተለይተው። የእኛን ክፍል የሚያሰናዳው ልጅ ሲመጣ አባዬ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር ሰላም የሚለው። ሐበሻ ካለ ብዬ ብዙ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። እዚሁ ቢሾፍቱ ባቦጋያ መርከበኝነት የሚሠለጥኑት የእኛ ልጆች በጭነት መርከቦች ላይ ነው የሚሄዱት። አባዬ እነሱን ባየ ቁጥር ፊቱ ላይ የሚሆነው ነገር... እሱን ሌላ ጊዜ።

እሺ። ሌሊቱ። ከፓሌርሞ ወደ ማልታ እየሄድን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነቃሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ጨለማው ጨለማ ነው፣ እጅ አይታይም፤ ግን ያን ሌሊት ክፍሉ በጣም ስስ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ነበረበት። ቴሌቪዥኑ ነው። ብዙ መርከቦች ላይ ከፊት የተተከለ ካሜራ የሚያሳይ ቻናል አለ፣ መስኮት የሌላችሁ እሱን ክፈቱ፣ ድምፁን አጥፉት፣ ሲነጋ በሱ ታውቃላችሁ። ይህን ምክር ለአባዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያው ቀን።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አድርጓል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ስክሪኑ ላይ የሚታይ ምንም የለም፤ ጥቁር ከታች፣ ትንሽ የቀለለ ጥቁር ከላይ፣ መካከል ላይ የመርከቡ አፍንጫ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

ሳይዞር «ተረኛ ነኝ፤ አንቺ ተኚ» አለኝ።

አሁን እናንተ ትስቃላችሁ፣ ምክንያቱም ታውቁታላችሁ። ውኃ በምትመጣበት ሌሊት በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚላት ነገር ናት። ጄሪካኑን ሞልቶ፣ ባልዲውን ሞልቶ፣ የጎረቤትን ሞልቶ፤ «ተረኛ ነኝ፣ አንቺ ተኚ።» ይህን ከዚህ በፊት በስንቱ ቅጂ ላይ ነግሬአችኋለሁ። እኔም ያኔ እንደዚያው መሰለኝና «እሺ ተረኛ» ብዬ ዞሬ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ያ ነው የሚያንገበግበኝ፤ መተኛቴ።

እያሾፈ ነበር? ድምፁን መልሼ መልሼ ለመስማት እሞክራለሁ። ቤት ሲላት መጨረሻዋ ላይ ሳቅ አለች። ያን ሌሊት... ነበረች ልበል? አልነበረችም መሰለኝ። ወይስ ሞተሩ ዋጣት? ቢያሾፍ ጫማውን ለምን ያደርጋል? ደግሞ ካላሾፈ የት ነበር? ማንን ነው «ተኚ» ያለው?

ጠዋት ቫሌታ ስንገባ ላይ ወጣን። ይህንንም ያዙት፤ ማልታ የምትሄዱ ከሆነ መርከቡ ወደብ ሲገባ አትተኙ፣ ያ ሁሉ ወርቅማ ግንብ በሁለት በኩል ሲቀርብ ማየት ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ግንቡ አዞረ። አባዬ ብቻ ቁልቁል ነው የሚያየው፤ መርከቡን አጅባ የምትገባዋን ትንሽዬ የመሪ ጀልባ፣ ገመድ የሚወረውሩትን። «እዪ፣ መጀመሪያ ቀጭኗን ነው የሚጥሉት፣ ወፍራሙ በሷ ይሳባል» አለኝ። ንቁ ነው፣ ቁልጭ ያለ ነው። «ሌሊት ምን ነበር ያልከኝ?» አልኩት። «ምን አልኩሽ?» አለ። አየሁት። አየኝ። ከዚያ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

እትዬ «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ፣ ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋ ልውሰደው እላለሁ፤ ምን ብዬ? ቀለደ ብዬ?

የመስኮቱን ነገር ግን... ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ መስኮቱን ግዙ ልላችሁ ነበር። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ዩሮ ነው። ግን ደግሞ መስኮት ቢኖር ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ያድር ነበር ይሆን? ያ ይሻል ነበር? አላውቅም፣ ምንም አልልም እሱ ላይ።

ሒሳቡን፣ አዎ፣ ሒሳቡን ልንገራችሁ ረስቼ። የሠራተኞች ጉርሻ ብዙ መርከቦች ላይ በየቀኑ በራሱ ሒሳባችሁ ላይ ይጨመራል። ሳምንቱ መካከል ላይ ሒሳባችሁን አስወጥታችሁ እዩት፤ የመጨረሻው ማታ ሰልፉ አይቻልም። እና አንዱን ወደብ ዝለሉት፣ ሁሉም ሲወርድ መርከቡ ባዶ ይሆናል፣ ያን ቀን ነው መርከቡ የእናንተ የሚሆነው። እኛ ጄኖቫ ላይ ቀርተን ነበር። አባዬ ከኋላ በኩል ባዶ ወንበር ላይ...

ቆዩ። ሰማችሁት?

የበርሜሉ ክዳን ነው። ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።

ቆዩኝ፣ ልየው።