ከፍሙ በፊት ፒስታው፦ ለሞተር ጉዞ የሚሆን ተገጣጣሚ ምድጃ እንዴት ይፈተናል?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ምድጃ ነው። ሞተር ላይ ተጭኖ የሚሄድ፣ ወንጪም ሆነ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ሲተከል የሚገጣጠም፣ ጥብሱ ሲያልቅ ተፈታቶ ቦርሳ የሚገባ፣ በእጅ የተሠራ የከሰል ምድጃ። ስለ አሠራሩም አነሳለሁ፤ ዋናው ግን አፈታተኑ ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ ብዙ ጊዜ ያለቦታው ነው የሚፈተነው። ግቢ ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሥጋው ይበስላል፣ በቃ ይሠራል ይባላል። ሥጋ ማብሰልማ ሦስት ጉልቻና ጭራሮም ይበቃል። ከባዱ ነገር ፒስታ መንገድ ላይ ሳይላላ መድረሱ፣ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይጣመም መፈታቱ፣ ከዚያም ምንም ሳያቃጥል ወደ ሞተሩ መመለሱ ነው። እኔ ምድጃን የምመዝነው በዚህ ነው።

ከብረቱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ የቀረው ፈተና ሁሉ ዋጋ የለውም። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም። አውቃለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ እንደልብ ነው። ግን በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ይተናል፤ ነፋስ ያገኘው ፍም ደግሞ እዚያ ሊደርስ ይችላል። የሚወጣው ነጭ ጭስ ሲተነፈስ ወዲያው ምንም ላይመስል ይችላል። ብርድ ብርድ የሚለው፣ ትኩሳቱ የሚመጣው፣ ደረትን የሚይዘው ከሰዓታት በኋላ ነው። ብየዳ ቤት የሚውሉ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል።

ላሜራውን ተጠንቅቆ የመረጠ ሰው ብሎኑን ይረሳል። ያ የሚያብረቀርቀው፣ አንዳንዴም ወደ ቢጫ የሚያደላው ብሎንና ዳዶ እሱም የዚንክ ልባጥ አለው፤ እሳቱ የሚነካው ቦታ መግባት የለበትም። የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያንም ፍርግርግ አታድርጉት። በካድሚየም የተለበጠ ሊሆን ይችላል፣ ካድሚየም ደግሞ ከዚንክ የከፋ መርዝ ነው።

እኔ የምመርጠው 1 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ነው። ተራው ጥቁር ላሜራም ያገለግላል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በስሱ ዘይት መቀባትን የሚጠይቅ ብቻ ነው። ልኩን እንዲህ አስቡት። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 18፣ ከፍታው 14 ሳንቲ ሜትር። ከታች የአመድ መቀበያ፣ ከሱ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሰሉ የሚቀመጥበት የተበሳሳ ወለል፣ ከሰሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲይዝ ከፍሙ እስከ ፍርግርጉ 8 ይቀራል። ላሜራው ሁሉ ተደምሮ ሩብ ካሬ ሜትር አይሞላም፣ ክብደቱም 1.9 ኪሎ ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ብትሠሩት እጥፍ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ራት ያን ያህል ብረት መሸከም አያስፈልግም። ፍርግርጉን ከ4 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ዘንግ፣ ከአንዱ ዘንግ መሐል እስከ ሌላው መሐል 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትበይዱት 400 ግራም ገደማ ይመጣል። እግሮቹን ጨምሮ ሁለት ኪሎ ተኩል በሉት። ሲፈታ ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይበልጥም።

እግሩ ሦስት ይሁን። ጉልቻ ሦስት የሆነው በምክንያት ነው፤ መሬቱ ቢጎረብጥም ሦስት እግር አይወላገድም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሳጥኑ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሁለቱን እግሮች በአንዱ ረጅም ጎን ጫፍና ጫፍ፣ ሦስተኛውን በወዲያኛው ጎን መሐል ስታደርጉ ሁለት ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። ማንቆርቆሪያ እነዚያ ባዶዎቹ ማዕዘኖች ላይ ከተቀመጠ ምድጃው ይገለበጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ፣ መገጣጠሚያው። ማዕዘኑን መበየድ ያጓጓል፤ ጠንካራ ይመስላል። ግን ብረት ሲግል ይረዝማል። 30 ሳንቲ ሜትር ስቴንለስ ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር በ3 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በሁሉም ጎን ከተያዘ የሚሄድበት ስለሌለው ሆዱን ነፍቶ ይጣመማል፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ጎኖቹ በስንጥቅ ይግቡ፣ ስንጥቁም ሰፋ ይበል። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ውስጥ ወርክሾፕ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይገባል፤ ከሁለተኛው እሳት በኋላ ጥላሸትና የተቃጠለ ስብ ሲሞላው በመዶሻም አይወጣም። ስንጥቁን 1.8 አድርጉት። ወለሉንም 300 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 296 ቁረጡት። ሲገጣጠም ትንሽ የሚንቀጫቀጭ ምድጃ በደንብ የተሠራ ነው።

ወደ ፈተናው እንሂድ። የመጀመሪያው ያለ ከሰል ነው። ምድጃውን ፈታታችሁ፣ እያንዳንዱን ክፍል በጆንያ ቁራጭ ወይም በአሮጌ ጂንስ ጠቅልላችሁ፣ በላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጋችሁ ሞተሩ ላይ ጫኑና 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ፒስታ ወይም ኮብልስቶን ላይ ንዱ። ከዚያ ጨርቁን ገልጣችሁ እዩ። ጥቁር ዱቄት ካለ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው። ጨርቁ ከተበሳ ጠርዙ በሞረድ አልተስተካከለም። ዳዶ ከላላ ሮንዴላ ጨምሩበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ስትጭኑ ብሎኖቹን ነቅሎ በትንሽ ከረጢት መያዝ ነው። አጫጫኑን በተመለከተ ዝቅ ብሎ በጎን ቦርሳ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ተመጣጣኝ ውኃ። ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ፈጽሞ አይሁን። ሞተር ከወደቀ ያ ላሜራ አከርካሪያችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው እሳት ነው፣ ግን ያለ ሥጋ። አዲስ ላሜራ የፋብሪካ ዘይት አለው፤ እሱ ተቃጥሎ ይውጣ። 500 ግራም ከሰል በሚዛን ለኩ፤ ለዚህ ስፋት ልኩ ነው። ከተገኘ የግራር ከሰል ይሁን፤ ከባድ ነው፣ ረግቶ ይነዳል። የባሕር ዛፉ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ክብሪት ከጫራችሁበት ደቂቃ ጀምራችሁ ፍሙ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ያለውን ጊዜ መዝግቡ። 30 ደቂቃ አልፎ ገና ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል። የወለሉን ቀዳዳዎች እዩ፦ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ በአመድ ይደፈናል፣ ከ12 የበለጠ ፍሙን ይጥላል። 8 ሚሊ ሜትር፣ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ፣ ጥሩ ልክ ነው።

ከዚያ ዳቦ። አዎ፣ ዳቦ። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡና ፍርግርጉን ሙሉ ሸፍኑት፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ገልብጣችሁ በነበረበት ቅደም ተከተል ደርድሩት። የምድጃው ሙቀት ካርታ ፊታችሁ ተዘረጋ ማለት ነው። መሐሉ ጠቁሮ ማዕዘኖቹ ነጭ ከቀሩ ማዕዘን አካባቢ ቀዳዳ ጨምሩ። አንዱ ጎን ብቻ ካረረ ነፋሱ ነው፤ የአየር ቀዳዳ የሌለው ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር። ይህን ሳታዩ ዝልዝል ላይ ከወጣችሁ ግማሹ አርሮ ግማሹ ጥሬ ይሆንና ጥፋቱ በሥጋው ይላከካል። ለሥጋው ደግሞ የወለሉን አንድ ሦስተኛ ያለ ፍም ተዉት። ስብ ሲንጠባጠብ እሳቱ ይነሣል፤ ያኔ ሥጋውን ገፋ የምታደርጉበት ቦታ ያስፈልጋል።

ከፍታን አትርሱ። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ባሌ ሳነቴ ደግሞ 4,000። ከዚያ እዚህ ስትወጡ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ ደህና የሚነድ ምድጃ ደጋ ላይ የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው። ማራገቢያ ያዙ፤ የጎን ቀዳዳም ጨምሩ። እሳት የሚነደውም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ ደረቅ አስታ፣ ያ የደጋው ቁጥቋጦ፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ሞተሩ የት ይቁም? ከምድጃው ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ፣ ከነፋሱ አንጻር ጎን ለጎን። ከነፋሱ በላይ ካቆማችሁት ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) የሚወጣው የቤንዚን ትነት ወደ እሳቱ ይነፍሳል፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ከታች ካቆማችሁት ፍንጣሪው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ከሰሉን በቤንዚን መለኮስም አይታሰብ።

ድንኳንን በተመለከተ ቆም ብዬ ልናገር፣ በዚህ ነገር ሰው ይሞታል። ዝናብ መጣ፣ በረደ ተብሎ ምድጃው ወደ ድንኳን አይገባም፤ በረንዳውም ሥር ቢሆን። አመድ የለበሰ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው አይነቃም።

የመጨረሻው ፈተና ሰዓት ነው። እሳቱ ሲያልፍ ብረቱን በውኃ አትግደሉት፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። የተረፈውን ፍም ክዳን ባለው የዱቄት ወተት ጣሳ ክደኑት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ ለነገም ከሰል ይሆናል። ጣሳው ግን ውጭ ይደር። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ፤ ጠዋት ሻይ አፍልቶ ለመነሣት ያሰበ ሰው ይህ ቁጥር ያስፈልገዋል። ከመጫናችሁ በፊት በጣታችሁ የውኃ ጠብታ ወለሉ ላይ ጣሉ። «ጭስስ» ብሎ ከጮኸ ገና ነው፤ ቦርሳው ናይለን ነው፣ ይቀልጣል። ዝም ብሎ ከተኛ አመዱን ጥረጉ፣ በተለይ ከስንጥቆቹ ውስጥ፤ የረጠበ አመድ ብረት ይበላል። ከዚያ ጨርቁን አልብሳችሁ፣ ብሎኖቹን ቆጥራችሁ ጫኑ።