አንድ ሊጥ፣ ሁለት ድስት፦ ምግብ ለሚመርጥ ቤተሰብ የአርብ ማታ ፓስታ

እሱ፦ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬም ከፒያሳ ነን። መስኮቱን ዘግተናል፣ ግን የታክሲ ረዳት ድምፅ ከገባ ይቅር በሉን። ወሬያችን እራት ነው። አንቺ፣ ባለፈው አርብ ፓስታ ከዱቄት ጀምሬ ሠርቼ ሁሉም ጠርገው በሉ ስትዪኝ አላመንኩሽም።

እሷ፦ እውነቴን ነው ስልህ! ቤታችንን ታውቀዋለህ። እማዬ አርብ ትጾማለች። ባለቤቴ ሥጋ የሌለበት ስጎ እራት አይመስለውም። ትልቋ ልጄ የሚያቃጥል ነገር አትነካም። ትንሹ ደግሞ ሽንኩርት ካየ አለቀ። ፓስታውን አንድ በአንድ በጣቱ ያነሳና ሽንኩርቷን እየለቀመ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራታል። ለቅሞ ሲጨርስ ምግቡ በርዷል፣ ከዚያ በረደ ብሎ ይተወዋል።

እሱ፦ ታዲያ ለአራት ሰው አራት ዓይነት ልትሠሪ ነው?

እሷ፦ ስንት ዓመት እንደዛ ነበር። ከሥራ ገብቼ ሦስት ድስት ጥጄ፣ ሁሉንም አብልቼ፣ እኔ ደክሞኝ ሳልበላ የምተኛበት ቀን ነበር። በኋላ ሳስበው አራቱም ፓስታ ይወዳሉ። የሚያጣላን መጨረሻ ላይ የሚገባው ነገር ነው። ስለዚህ ሊጡም ቁሌቱም ለሁሉም አንድ ይሁን፣ የጾም ይሁን፣ አያቃጥል፤ የምንለያየው በመጨረሻዋ አስር ደቂቃ ይሁን አልኩ።

እሱ፦ ቆይ፣ ሊጡ የጾም ከሆነ እንቁላሉስ?

እሷ፦ የግድ አይደለም እኮ። ሰሜን ጣሊያኖች ናቸው በእንቁላል የሚያቦኩት፣ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል። ደቡቦቹ ሰሞሊና፣ ማለት ሻካራ የዱረም ስንዴ ዱቄት፣ እና ውሃ ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ዱረም ደግሞ የእኛም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው ስንዴ ነው። እኔ 350 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ሰሞሊና፣ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ቆንጠር ጨው። ውሃውን አንዴ አትገልብጠው፣ ትንሽ አስቀርና እያየህ ጨምር። እንደ ዳቦ ሊጥ ከለሰለሰ ስትዳምጠው ይጣበቅብሃል። አስር ደቂቃ በመዳፍህ እየገፋህ ታሸዋለህ፣ መጀመሪያ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ጋ ነው፣ አንተ ግን ቀጥል፣ በኋላ የጆሮህን ጫፍ የነካህ ያህል ይለሰልሳል።

እሱ፦ ከዚያ ወዲያው መዳመጥ?

እሷ፦ በፍጹም! ይረፍ። መጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ዳመጥኩት፤ መዳመጫውን ባነሳሁ ቁጥር እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል። በሌላ ቀን አሽቼ ስጨርስ መብራት ጠፋ። በሳህን ከድኜ ተውኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ እንደ ጨርቅ ተዘረጋልኝ። ሲያርፍ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ የተወጠረውም ይላላል። አሁን መብራት ኖረም አልኖረም 40 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ።

እሱ፦ ፉርኖ ስትዪ ምን ትዝ አለኝ፣ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት። እኛ ለዳቦውና ለዱቄቱ አደረግነው። ስጎም፣ መኮሮኒም፣ ይኼ የተቀመጥንበት ፒያሳም ከእነሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1928 ገብተው በ1933 ወጡ፣ ቃሎቻቸው ማዕድ ቤታችን ቀሩ። እሺ፣ የትንሹ ሽንኩርትስ?

እሷ፦ አልከትፈውም። ሦስት ራስ ሽንኩርትና አንድ ካሮት በመፈቅፈቂያ እፈቀፍቃለሁ። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥ፣ ከዚያ በዘይት፣ በዝግታ 20 ደቂቃ ይቁላላ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። የጥሬ ሽንኩርት ሽታ ካለው ልጁ በዓይኑ ባያየውም ያውቀዋል። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከዚያ ቲማቲም አንድ ኪሎ ተኩል። ከእሁድ ገበያ በጣም የበሰለውን፣ ለሰላጣ የማይሆነውን ነው የምገዛው። ለሁለት ከፍለህ ስትፈቀፍቀው ልጣጩ እጅህ ላይ ይቀራል። ካሮቱ ኮምጣጣነቱን ስለሚሰብረው ስኳር አያስፈልግም። በትንሽ እሳት 40 ደቂቃ፣ ልታወጣው ስትል ትኩስ በሶብላ ጣል።

እሱ፦ እና ሁለት ድስት ላይ ይከፈላል።

እሷ፦ አዎ። ለባለቤቴና ለልጆቹ የተፈጨ ሥጋ ለብቻው ቡናማ እስኪሆን ጠብሼ አንዱ ውስጥ። ለእማዬ ደግሞ ግማሽ ማንኪያ በርበሬ በዘይት አቁላልቼ ሌላው ውስጥ። በርበሬ መጨረሻ ላይ እንዲሁ ከተነሰነሰ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እማዬም አንዴ ቀምሳ ታስቀምጠዋለች።

እሱ፦ እኔን የሚያስቸግረኝ ቅቅሉ ነው። የሱቁን ፓስታ እንኳ ካርቶኑ ላይ ባለው ደቂቃ ሳወጣው መሃሉ ጥሬ ነው።

እሷ፦ ከፍታው ነው! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 9 ደቂቃ ካለህ 12 ላይ ቅመሰው። የቤቱ ሊጥ ትኩስ ስለሆነ አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ትልቅ ድስት፣ ብዙ ውሃ፣ ለአንድ ሊትር 10 ግራም ጨው። ዘይት አትጨምር፣ ስጎው እንዳይዘው ነው የሚያደርገው። በቀዝቃዛ ውሃም አታለቅልቀው፣ በናትህ! ከማጥለልህ በፊት አንድ ጭልፋ ከውሃው አስቀርና ስጎው ላይ ጨምር፣ ያያይዘዋል።

እሱ፦ ትንሹ ግን በሽንኩርቱ መጥፋት ብቻ ነው የበላው?

እሷ፦ እሱ ራሱ ነው የቆረጠው። የዳመጥኩትን ሊጥ ዱቄት ነስንሼ አጠፍኩለት፣ ስለት የሌለው የቅቤ ቢላ ሰጠሁት። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ እንደ ቀበቶ ወፍራም። ሳስተካክልለት "ተይው፣ የኔ ነው" አለኝ። እማዬ እንቁላል እንደሌለው ሁለቴ ጠይቃ ጀመረች። እሱ ደግሞ ሹካውን ይዞ ሳህኑ ውስጥ ወፍራሞቹን ብቻ እየፈለገ፣ ሲያጣ ከእህቱ ሳህን እያወጣ በላ።