ነገ የሚጠብቀን መስመር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ!

የሥራ ክንውኑንና የሂሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡ እኔ አልደግመውም። ላነሳ የምፈልገው አንድ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዕድሜያችን በየቀኑ ከሙዚቃ መሣሪያችን ፊት የምንቀመጠው ለምንድን ነው?

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የከበደኝ ሁሉም ነገር ያለቀ መምሰሉ ነበር። ልጆች አድገዋል፣ የቢሮውን ቁልፍ መልሻለሁ፣ ማለዳ የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ የለም። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እንግዲህ ዕረፍ» ይለኛል። ዕረፍት የሚጣፍጠው ግን ለደከመ ሰው ነው። በ66 ዓመቴ ፒያኖ ልማር ብዬ ስሄድ አንድ አስተማሪ ጣቶቼን አየት አድርጎ «አሁን ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ጥያቄው ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖረ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት አጭር የግራ እጅ መስመር ላይ ነው። የቀለበት ጣቴ እንደ ሌሎቹ አልታዘዝ አለኝ። የምቱን ፍጥነት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ ወደ 50 ምት አውርጄ፣ ሦስት ኖታ ብቻ እየነጠልኩ ስደጋግም ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ ተስፋ ቆርጬ ክዳኑን ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት እጄን ሳሳርፍ መስመሩ ያለ ጭንቅ ወጣ። ቀን የተለማመድነውን እንቅስቃሴ አንጎላችን በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚያጸናው ተመራማሪዎች ይነግሩናል። በየቀኑ 20 ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ የሚሻለውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚጠብቀኝ ሥራ እንዳለ አውቄ ከአልጋዬ ወርጄ ነበር።

ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ እ.ኤ.አ. በ1973 በ96 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከልምምድ አልተለየም። ለ80 ዓመታት ያህል ቀኑን የሚጀምረው በፒያኖ ላይ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ሥራዎች በመጫወት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ፈረንሳዊቷ ፒያኒስት ኮሌት ማዝ ሥራዎቿን ማስቀረጽ የጀመረችው ሰማንያ ካለፋት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ109 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት በ99 ዓመታቸው ያረፉት የእኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በእርጅናቸው ከፒያኖ ጋር በገዳም ኖረዋል። እነዚህን ሰዎች የማነሳው ከእነርሱ ጋር ልንስተካከል ነው ብዬ አይደለም። ተሰጥኦአቸው ከእኛ ይለያል፤ ማለዳቸው ግን የእኛ ዓይነት ማለዳ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አዲስ አባል ስንጋብዝ «ሙዚቃ የመርሳት በሽታን ይከላከላል» እያልን ቃል የምንገባ አለን። እባካችሁ፣ ይህን እንተወው። ማረጋገጥ የማንችለውን ተስፋ ለታመመ ሰው ቤተሰብ መስጠት ከባድ በደል ነው። በእጃችን ያለው እውነት ራሱ በቂ ነው። ባለቤቱን ቀብሮ ለወራት ዝም ያለ ወንድማችን ክላርኔቱን ይዞ ወደዚህ አዳራሽ ሲገባ አይተናል። ጆሮዋ ቀጫጭን ድምፆችን መለየት ያቃታት እህታችን ከቫዮሊን ድምፁ ወፍራም ወደሆነው ቼሎ ተሻግራ እንደገና ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምራለች።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው በዘንድሮው ጉባኤ አንድ ለውጥ አድርጓል። እስካሁን በዚህ መድረክ ላይ የምናቀርበው በሚገባ ያጠናነውን ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት ገና በመማር ላይ ያሉ አባሎቻችን ለዓመታት ከኋላ ወንበር ሲያጨበጭቡ ኖረዋል፤ ጥፋቱ የእኛ የአመራሮቹ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ ሁሉም አባል የሚያቀርበው በመለማመድ ላይ ያለውን፣ ገና ያላለቀውን ሥራ ነው። የሚያቅተው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ ያስቸገረውን ይነግረናል፣ አንዴ ይደግመዋል።

የመጀመሪያዋ አቅራቢ የ81 ዓመት እናት ናቸው። ፒያኖ ከጀመሩ 14 ወራቸው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ይጫወቱልናል፤ ሁለተኛው ገጽ ገና ነው። እማማ፣ ወንበሩን ለእርስዎ ዝቅ አድርገነዋል፤ ይምጡ።