በልቼ ነው የመጣሁት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ በብርዱ ነው። እሺ፣ ትንሽ በርእሱም ሊሆን ይችላል።

ስለ ዘር ንቀት ሲነሳ ብዙዎቻችን ሐሳባችን ቶሎ አሜሪካ ይሄዳል። እኔ ያደግኩበት ሰሜን ሸዋ ግን ንቀቱ የቆዳ ቀለም አላስፈለገውም። ከጎረቤቶቻችን ጋር መልካችን አንድ፣ ቋንቋችን አንድ፣ ታቦታችንም አንድ ነው። ብቻ አባቴ ቀጥቃጭ ነው፣ እናቴ ደግሞ ሸክላ ትሠራለች። የቀረውን አገሬው ይጨርስላችኋል፤ ጠይብ፣ ቡዳ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን።

ሰፈር ውስጥ ልጅ ታሞ ካደረ እናቴ በዚያ ቀን ከቤት አትወጣም። አራስ ልትጠይቅ ከሄደችም ደጅ ቆማ መርቃ ትመለሳለች። የሰው ሕፃን አይታ «ሲያምር!» ስትል ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ካጋጠመቻት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም፤ ከእናቷ ነው የተማረችው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ምጣዱ ነው። እናቴ ጭቃውን በእግሯ ትረግጠዋለች፣ በመዳፏ ትጠፈጥፈዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፣ ከዚያ በኩበት ትተኩሰዋለች። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ታሟሸውና በጎመን ዘር እያሰሰች ቤተሰቡን ሙሉ እንጀራ ታበላበታለች። ገዢዋ ግን እናቴ የጋገረችውን እንጀራ አትቀምስም። አባቴ በወናፍ አግሎ የቀጠቀጠው ማረሻ መሬቱን አርሶ እህሉን ያበቅላል፤ አባቴ የነካው ጣሳ ግን ተለይቶ ይቀመጣል። አንዳንዴ ሳስበው ያስቀኛል። ሁሌ አይደለም።

ፊት ለፊት የሚሰድበን ብዙ ሰው አልነበረም። የእኛ አገር ሰው ይሉኝታ አለው፣ ሰበብ ይፈልጋል። «ሆዴን አሞኝ ነው የሰነበትኩት።» «ቡና ትቻለሁ።» «ምነው፣ በልቼ ነው የመጣሁት!» አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩ እትዬ፣ እንጀራ ሲቀርብላቸው «ጾም ነኝ» አሉ። በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳን በማይጾምበት ወቅት! ከሄዱ በኋላ አባቴ «እኚህ ሴትዮስ ከቄሱም በለጡ» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ዝም ብላ መሶቡን ከደነችው።

ነገሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አንዱ ሥሩ መሬት ነው። በድሮው ሥርዓት ርስት የሚገኘው በአጥንት ነው። ርስት የሌለው በእጁ ሥራ ያድራል፤ በእጁ የሚያድር ደግሞ ከጨዋ አይቆጠርም። አያቴ የራሱን መሬት ያረሰው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ሰውን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አስነግረው ነበር፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውን ሁሉ ጠቅሰው። ንጉሡ የተወለዱት እዚሁ ቅርባችን፣ አንጎለላ ነው። አዋጁ ስድብን ከለከለ። «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለውን ግን በየትኛው አዋጅ ትከለክለዋለህ?

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

ወንድሜ ፍቅረኛውን ያገኛት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ ፋብሪካው ከበዛ ወዲህ ወጣቱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ዘር ሳይቆጠር ፍቅሩ ይቀድማል። እቤት መጥቶ ሲናገር እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «የማን ልጅ ናት?» ብላ ነው። አባቷ ቆዳ ያለፋሉ አላት።

«ፋቂ?» አለች።

ከዚያ አጥንት ቆጠራው ተጀመረ። እኛ ድሃ ብንሆንም ከፋቂ ጋር ተጋብተን አናውቅም፣ ሰባት ቤት ቁጠሩ አታገኙም፣ ዘመድ ምን ይለኛል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን የምትለው በር ላይ ቆማ አራስ የምትመርቀው ሴት ናት! ሲናቅ የኖረ ሰው መናቅን ይጠላል ብዬ ነበር የማምነው። ለካ «ከእኔም በታች አለ» ማለት ለአንዳንዱ ሰው ያለችው ብቸኛ ሀብት ናት፤ እሷን ደግሞ በቀላሉ አይለቃትም።

ወንድሜ አልተከራከረም። ሽማግሌ አስላከ፣ ነገሩ አለቀ፣ ለትውውቅ በሌሊት ተነስተን ጣርማበርን ወርደን ልጅቷ ቤት ሄድን። እናቴ ከቤት ስንወጣ ውሃ እንኳን አልቀመሰችም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ የልጅቷ እናት ዶሮ ወጥ አቀረቡ። ማስታጠቢያው እናቴ ጋ ሲደርስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይቅርብኝ እህቴ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ግን ምንም አልከፋቸውም። ማስታጠቢያውን እንደያዙ ቆመው፣ «እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ በልቶ ነው የሚመጣው» አሉ፤ በቃ፣ ስለ አየሩ እንደማውራት።

አባቴ መቻል አቃተው። «በበዓለ ሃምሳም የሚጾም አለ እኮ!» ብሎ ተንከተከተ። እናቴ ለአፍታ አፈጠጠችበት፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እጇን አውጥታ ታጠበች፣ በላችም። በመልሱ መንገድ ላይ ግን «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ማለቷ አልቀረም።

በዚያ ቀን ተለወጠች ብዬ አልዋሻችሁም። ሠርጉ ላይ ሳይቀር ለዘመድ «ነጋዴዎች ናቸው» ስትል ሰምቻታለሁ። ከምራቷ ጋር ያቀራረባቸው አብሮ መሥራት ነው። ልጅቷ ጀበናዎቹን በስልክ ፎቶ እያነሳች አዲስ አበባ ትሸጥላታለች፤ በዋጋ ይጨቃጨቃሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ስትወልድ እናቴ አራስ ቤት ገብታ ሕፃኗን አቅፋ «ሲያምርባት!» አለች፣ ጮክ ብላ።

ሕፃኗ አሁን ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ወንድሜና እኔ በእሷ ጉዳይ አልተስማማንም። እሱ ምንም አይነገራት ይላል፤ ካልነገርናት በእኛ ያበቃል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ከአንዱ ልጅ አፍ ከምትሰማው፣ አያቷ ምጣድ እየሠራች ብትነግራት ይሻላል እላለሁ። እናቴን ስንጠይቃት «መጀመሪያ ፊደል ትቁጠር» ትላለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ ሳምንት አብረን እንሰማዋለን። ደህና ሁኑ።