ጠባሳውን ማን አጠፋው?

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ በተለይ ዛሬ የፎቶ ስልጠናውን የጨረሳችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

እዚህ ካላችሁት የብዙዎቻችሁን የመጀመሪያ ጉርድ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ አንዱ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚወጣው። አንዷን ካበላሸሃት አበላሸሃት ነው። ስለዚህ ቆም ብለን ብርሃኑን እናይ ነበር። ዛሬ ደንበኛው ገና ሳይቀመጥ "ግድ የለም፣ በኤዲት ይስተካከላል" እንላለን።

አንዲት እናት ነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ፍሬም ይዘው ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። ልጃቸው አርፏል። በስልክ የተነሳውን ሌላ ቦታ በትልቁ አሳትመውታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "ልጄ፣ ይሄ እኮ የኔ ልጅ አይደለም" አሉኝ። አየሁት። ፊቱ ነጥቷል። ቆዳው የአሻንጉሊት መስሏል። ከቅንድቡ በላይ የነበረው ጠባሳ የለም። "አምስት ዓመቱ ላይ ከበርጩማ ወድቆ ነው። ደሙን በዚህ እጄ ነው ያቆምኩት" አሉ። ከዚያ ዝም።

ያን ሌሊት የድሮ ኔጌቲቮቼን፣ ፎቶ የሚታተምባቸውን ፊልሞች፣ ስበረብር አደርኩ። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ያነሳሁት ጉርድ ተገኘ። ጠባሳው አለ! አትሜ ስሰጣቸው መጀመሪያ በጣታቸው የነኩት እሱን ነው።

ጠባሳውን በኤዲት ያጠፋው ባለሙያ ክፉ አይመስለኝም። ማሳመሩ ነበር። ግን ማን ፈቀደለት? የእናት ትዝታ ውስጥ እጁን እንዲያስገባ ማን ፈቀደለት?

ኤዲት አልጠላም። እኔም ፎቶሾፕ እሠራለሁ። በፊልም ጊዜም ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጃችን ብርሃኑን እየከለልን አንዱን ቦታ እናፈካ፣ ሌላውን እናጠቁር ነበር። ሰውየውን ግን አንቀይርም! ብርሃን የበላው፣ ከብርሃን ብዛት ነጭ ብቻ ሆኖ የቀረ ፊት ደግሞ በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። ካሜራው ያልያዘውን ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣል? ፈጥሮ ነው የሚሞላው። ሰው "ስልክ እያለኝ ለምን እከፍልሃለሁ?" ሲላችሁ አትፈሩ። የሚከፍለው ፊቱን አይታችሁ፣ ብርሃኑን ጠብቃችሁ፣ እሱን ራሱን ስለምትሰጡት ነው።

ኤዲት ያልነካውን ኦርጅናሉን ፎቶ ብቻ አደራ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጅማ፣ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ፀሐይዋ ስትወጣ እንድረስ። ላፕቶፕ አትያዙ።