ጥናቱ ወደ ተጠናበት ቀበሌ ይመለስ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና ሼኾች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ አርሶ አደሮችና የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ። አባቶቻችን ጉባኤውን በምርቃትና በዱአ ስለ ባረኩልን በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። የዘንድሮው መወያያችን ዩኒቨርሲቲዎች በምርምራቸውና በምሩቃኖቻቸው ለሰፊው ኅብረተሰብ የሚሰጡት ጥቅም ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሙሉውን ለጥናት አቅራቢዎቻችን ትቼ፣ እኔ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ስለ ቆየ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር፤ ይኸውም ከሕዝብ ተጠይቆ የተጻፈ ጥናት ወደዚያው ሕዝብ ስለሚመለስበት መንገድ ነው።

በወሎ ምድር ትምህርት ከመንደር ተለይቶ አያውቅም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት በየአገሩ ተበትነው ገዳማትን ተክለዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያው ገዳም ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በዳና፣ በጌታና በጀማ ንጉሥ የነበሩት ታላላቅ የቂርአት ማዕከላት ከቅርብም ከሩቅም የመጡ ደረሶችን ተቀብለው ለብዙ አገር የሚተርፉ ዑለማዎችን አፍርተዋል። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከደጃፏ ወጥታ ቁራሽ የምትሰጠው፣ ለደረሳውም ቀለብ የሚያዋጣው የመንደሩ ሰው ነበር። ሰውየው ይህን ሲያደርግ ከጽድቁ ሌላ የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ ዛሬ ያበላው ልጅ ነገ ሊቅ ሲሆን ልጆቹን ያስተምርለታል፣ የተጣላ ጎረቤቱን ያስታርቅለታል፣ ሲቸገር ምክር ይሰጠዋል። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አኮፋዳ አይዝም፤ የሚበላው እንጀራ ግን ያው ከአርሶ አደሩ፣ ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው በተሰበሰበ ግብር የተጋገረ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአካባቢያቸው ምን ሠሩ ብለን ስንጠይቅ የቆየውን ውል እያስታወስን መሆኑ ይታወቅልን።

ይህ ውል በዘመናዊው ትምህርትም ተፈጽሞ ያየንባቸው ጊዜያት አሉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ይመደቡ ስለነበር፣ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ታላላቆቻችን መካከል ሒሳቡንም ታሪኩንም ከእነዚያ ወጣቶች የተማራችሁ ትኖራላችሁ። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ በወሎ ሲጠና፣ ባለሥልጣናቱም ነገሩን አፍነው በያዙበት ወቅት፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ድረስ መጥተው የተራበውን ሕዝብ ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹንም በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበትን ፊልም የሠራው ከዚያ ወራት በኋላ ነው። የረገፈውን ወገናችንን ያ ሁሉ አልመለሰልንም። ሆኖም በዓይናቸው ያዩትን ለመደበቅ እንቢ ያሉ ምሁራን በዚያ ጊዜ መኖራቸውን ወሎዬ ሊዘነጋው የሚገባ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማሳው ልውረድ። የራያ ቆቦና የሐብሩ አርሶ አደር አቀንጭራን ከማናችንም በላይ ያውቃታል። አበባዋ ሲያዩት ያምራል፤ ሥራዋ ግን የማሽላውን ሥር ከመሬት በታች ይዛ ውሃውንና ምግቡን መምጠጥ ስለሆነ፣ አበባዋ ብቅ ሲል ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሶ አልቋል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር የደከሙት ይህን ምስጢር ለመፍታት ነበር፤ ያን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው፣ አቀንጭራዋ ሳትነቃ ማሽላው እንዲያልፍ አደረጉ። በዚህና በሌሎች የማሽላ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ ምርምር የተገኙ ሁለት ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን ሲለቀቁ ጎብዬና አብሽር ተባሉ። ጎብዬ የእኛው የራያ ቆቦ ከተማ ናት፤ አብሽር ደግሞ ወሎዬ የተጨነቀን ሰው የሚያጽናናበት ቃል ነው። አቀንጭራ ለወረሰበት ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም፤ የእኔም ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቆቦ ገበሬ ማሽላን የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ማገዶ፣ ለአጥሩና ለጎጆው መሥሪያ ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ደገሌትንና ጅጉርቲን ቶሎ በሚደርሱት አጫጭር ዝርያዎች ለመተካት ሲያመነታ ከግትርነት ሊቆጠርበት አይገባም፤ የሚያሰላው ሒሳብ ከጥናቱ ሠንጠረዥ ሰፋ ያለ ነው። ዝርያው ከተለቀቀ በኋላ ወደ ገበሬው ተመልሶ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ ያልጠየቀ ተመራማሪ ይህን ሒሳብ ከየት ያገኘዋል? በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ፣ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የወጡ ባለሙያዎች ከገበሬው ማሳ ጋር ያላቸውን ቅርበት የማደንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባርም እንዲሁ ልንማርበት የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ማይባር የመጀመሪያዋ ጣቢያ ሆነች። ዝናቡ እየተለካ፣ ጎርፉ እየተለካ፣ ከየማሳው የሚታጠበው አፈር እየተመዘነ ለዓመታት ተመዘገበ። ከዚህና በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ከተከፈቱት ጣቢያዎች በመነሣት፣ በደጋማው ኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ተገመተ፤ አሃዙም እስከ ዛሬ በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። እኔን የሚያሳስበኝ የሚነገርበት ቋንቋ ነው። «42 ቶን በሄክታር» ለባለሙያ በቂ ነው። ሄክታሩን በአራት ጥማድ፣ ቶኑን በአሥር ኩንታል አስበን ስንመልሰው ግን ከአንዲት ጥማድ በዓመት ከ100 ኩንታል በላይ አፈር ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያችው ጥማድ ጥቂት ኩንታል እህል ለማስገባት የሚደክመው ገበሬ ይህን በራሱ መስፈሪያ ሲሰማ፣ እርከን የሚሠራው ለሪፖርት ይሁን ለልጆቹ ለራሱ ይገባዋል። ከኩንታል ወደ ቶን መቁጠርን አራት ዓመት ያስተማርነው ምሩቅ፣ ከቶን ወደ ኩንታል መመለስንም ሊያውቅ ይገባል።

ስለ እንዶድ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁ በአጭሩ ልለፈው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ማጥፋት የሚችል ተክል ለዓለም አስተዋወቁ። ቢልሃርዚያን ለሚያውቀው ለቦርከና ሸለቆ ሕዝባችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የምርምሩ መነሻ የሴቶቹ የዕለት ሥራ ስለነበረ፣ በእኛም ጓሮዎች ያልተጠየቀ እውቀት እንዳለ አምናለሁ።

ዛሬ ወሎ የራሷ ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያ ልጆቻችንን ያስተምራሉ። በየጤና ጣቢያው የምታዋልደን፣ በየትምህርት ቤቱ ፊደል የምታስቆጥርልን፣ በየቀበሌው ከገበሬው ጋር እርከን የሚቀይሰው ከእነዚህና ከቀደምቶቻቸው የወጡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ሲዘረፍና ሲወድም ያየን ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ትምህርት ያስጀመሩትን መምህራን ድካም አቅልለን ልናይ አንችልም። የዛሬው አሳቤም ከዚህ አክብሮት የመጣ መሆኑን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደቡብ ወሎ ቀበሌ ለለቅሶ ሄጄ ሳለ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት መምህር መሆኔን ሲሰሙ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚርቀን ልጆች እየመጡ ሦስት ጊዜ ጠየቁን፤ ጽፈውም ሄዱ። የጻፉትን ማን እንዳነበበው እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እኔም በወጣትነቴ መጠይቅ ይዤ በየቤቱ ዞሬአለሁ፤ ቡና ተፈልቶልኝ፣ ከእርሻቸው ውለው የደከሙ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተውኝ፣ ጽሑፌን ግን ለፈታኞቼ አስረክቤ ቀርቻለሁ። የእኒያ እናት ጥያቄ ለእኔም ነበረ።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መማር ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የተቋማቱ ተግባር አድርጎ ይዟል። በተግባር ግን ሦስቱ በሦስት ቢሮ ይቀመጣሉ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል ችግኝ መትከልና ቁሳቁስ መለገስ ይሆንና፣ ምርምሩ ራሱ አገልግሎት መሆን እንደሚችል ይረሳል። ለተመራማሪው ዕድገት የሚታሰብለት በመጽሔት የታተመ ጽሑፍ መሆኑን፣ ለመስክ የሚሰጠው ገንዘብም መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ይህ ከባድ እንቅፋት ነው፤ ያም ሆኖ አንድን የተጠና ጉዳይ በሁለት ገጽ ቀላል አማርኛ፣ በከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ ጽፎ ለቀበሌው ማድረስ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አባሎቻችን የሆናችሁ መምህራን፣ የምታማክሩት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት፣ መረጃ የሰጡት ሰዎች በሚያውቁት መስፈሪያና ቋንቋ የተጻፈ አጭር ቅጂ እንዲያዘጋጅ ጠይቁት። በየወረዳው ያላችሁ አባላት ቅጂውን ተቀብላችሁ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በሰንበቴው፣ በጁምአው ወይም በቅሬው አንብቡ፤ የተነሣውን ጥያቄና ተቃውሞ ጽፋችሁ ለጸሐፊው መልሱለት። ማኅበሩም የእነዚህን ቅጂዎች መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ ይይዛል፤ ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ጋርም ለመነጋገር አስቧል። ለመጀመሪያው ዓመት በሦስት ወረዳዎች ብቻ እንጀምር የሚል አሳብ አለን፤ የትኞቹ ይሁኑ የሚለውን ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ውይይት እናንተ ትወስናላችሁ።

የዛሬው የመጀመሪያ ጥናት የቆላ ማሽላን የሚመለከት ሲሆን፣ ጥናቱ የተካሄደበት ቀበሌ ነዋሪ የሆኑ አራት አርሶ አደሮች ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አቅራቢው ንግግሩን ሲጨርስ ከሁላችንም በፊት የመጠየቅ ዕድል የሚሰጠው ለእነሱ ነው። ጉባኤው መከፈቱን እያስታወቅሁ፣ አቅራቢውን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።